ከአባ ሙእሚን ዳጉ የቆረጥኩት

ኅዳር 8፣ 2017፣ አዋሽ

ይሄ የሙሽሮች ቀጠሮ የምጽፍበት ደብተር ነው። ከፊት የሰው ሠርግ፣ ከኋላ ገልብጬው የኔ ንዴት። የጀመርኩት እናቴ ከሱቅ ስላባረረችኝ ነው። ደንበኛ ፊት አትለፍልፊብኝ፣ የሚያናድድሽን ሂጂና ለግድግዳ ንገሪ አለችኝ። ግድግዳው ደሞ በሰሞኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ተሰንጥቋል፣ የኔ ቢጨመርበት ይፈርሳል። ስለዚህ ለወረቀት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጥተው የአፋር ሴቶች ቤት ሲሠሩ ቀረጹ። መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ወንዶቹ ካሜራ ይዘው ሴቶቹ መሀል መግባት ሲያፍሩ፣ ገብቼ የቀረጽኩትም እኔ። ዛሬ ፊልሙን በስልኬ አየሁት። ያምራል፣ ወላሂ አልዋሽም። መጨረሻ ላይ ስም ሲወርድ ዐይኔን ሳላርገበግብ ጠበቅኩ። የሹፌሩ ስም አለ። የኔ የለም።

አሥራ አራት ዓመት ሠርግ ቀርጫለሁ። ማንም አላስተማረኝም። አክስቴ ከጂዳ የላከችልኝን አሮጌ ካሜራ ይዤ፣ አበላሽቼ፣ እንደገና አበላሽቼ ነው የተማርኩት። እነሱ ግን "የሠርግ ቪዲዮ ልጅ" ይሉኛል። ሠርግ ባህል አይደለም እንዴ?

ከቡድኑ ሰው የሚባለው አቤሴሎም ብቻ ነው። ደውሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ስሜ የቀረው በስህተት ነው አለ። አላመንኩትም፣ ግን ደወለ። በየካቲት ሰመራ ላይ ለተማሪዎች የባህል ፊልሞች የሚታዩበት ቀን አለ፣ የራስሽን አምጪ አለኝ።

አመጣለሁ። ስለ ዳጉ ነው የምሠራው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ የሚነጋገሩበትን። እዚህ ከተማ ተወልጄ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲነጋገሩ አይቻለሁ፣ ቀርቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የቀረጸ ሰው ግን አላየሁም። ሁሉም ከሩቅ አንድ ደቂቃ ያነሱና ሙዚቃ ይጨምሩበታል።

ኅዳር 11

ሂያም ልትተረጉምልኝ እሺ አለች። ሂያም የአባ ሙእሚን የልጅ ልጅ ናት፣ እዚሁ አዋሽ ሰፈራችን ያደገች፣ አሁን ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት። አፋርኛዋ እንደ ውሃ ነው፣ ዳጉ ሲባል ግን ትስቃለች። "አያቴ ሰላም ለማለት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። እኔ ቴሌግራም አለኝ" ትላለች። ፊልሙን የምሠራው ለእንዳንቺ ዓይነቷ ነው አልኳት። "እንግዲያው አጭር አድርጊው" አለችኝ።

ኅዳር 14

ቀረጽኩ። ልቤ እስካሁን አላረፈም።

ከአዋሽ ወደ ሳቡሬ ሲወጣ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ግራር ሥር። አባ ሙእሚን ወደ ሰማንያ ይጠጋሉ። ቀጭን ናቸው፣ ነጭ ሽርጥ፣ ዱላቸው ትከሻቸው ላይ፣ መፋቂያ አፋቸው ውስጥ። ከዶፈን ተራራ በኩል አንድ ከብት ጠባቂ መጣ። ጀማሉዲን ይባላል፣ የጎሳቸው ሰው ነው። እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፣ ተረከዛቸው ላይ ቁጢጥ አሉ፣ ጀማሉዲን ጠየቀ፣ እሳቸው ጀመሩ።

እኔ ወሬ አውቃለሁ። አፌ የታወቀ ነው። ግን እንዲህ ያለ ወሬ አልሰማሁም። ከተነሱበት ቀን ይጀምራሉ። የጣለ ዝናብ፣ ያልጣለ ዝናብ፣ ሣሩ የት እንደደረሰ፣ የማን ግመል እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ፣ የማያውቁት ሰው ዱካ የት እንዳዩ፣ የጫማው ቅርጽ ሳይቀር። እያንዳንዱን ከየት እንዳመጡት ይናገራሉ። ይሄን በዐይኔ አየሁ። ይሄን ሰማሁ፣ የነገረኝ እገሌ ነው፣ ለሱ የነገረው እገሌ፣ ሲነግረኝ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አድማጩ በየመሀሉ በጉሮሮው "እም" ይላል። "እም" ከቀረ ተናጋሪው ያቆማል። ሂያም ጎኔ ሆና በሹክሹክታ እየተረጎመች ነበር፣ መሀል ላይ መተርጎም ትታ ዝም ብላ ስትሰማ ያዝኳት።

ውሸት የተናገረ ምን ይሆናል ብዬ በኋላ ጠየቅኩ። በጎሳ ሕግ ይቀጣል አሉኝ። ከቅጣቱ የሚብሰው ግን ከዚያ ወዲያ ዳጉ የሚጠይቀው የለም። ሰላም ይሉታል፣ ያልፉታል።

ሲጨርሱ አባ ሙእሚን ወደኔ ዞረው በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ዳጉዬን ተቀበልሽ?"

"ተቀበልኩ አባ።"

"እንደተቀበልሽው ትሰጫለሽ?"

"እሰጣለሁ።"

ቶሎ ነው የመለስኩት። ሰው ማመኑን ካየሁ ቶሎ እመልሳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። በአርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ባትሪዬ ሞተ። ሌላ ባትሪ አልያዝኩም። እንዳይቋረጥባቸው ብዬ ነው ያልተናገርኩት። እስኪጨርሱ ድረስ ዐይኔን ካሜራው ላይ አድርጌ፣ እየቀረጸ እንዳለ ሰው ቆምኩ። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ይሄ ምንም አይደለም። ፊልሙ እንደሁ መቆረጡ አይቀርም።

ኅዳር 24

አቤሴሎም ደወለ። የዛሬ ልጆች ከሦስት ደቂቃ በላይ አያዩም አለ። እኔም እኮ ይሄንኑ ነው የምለው። ሌላም ነገር አወራ፣ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር።

ታኅሣሥ 11

መሬቱ አላረፈም። ትናንት ሦስት ጊዜ። እናቴ የሱቁን ጠርሙስ ሁሉ መሬት አውርዳ ደርድራለች። እያንዳንዱ ሲንቀጠቀጥ "ያ ረቢ" ትልና ጠርሙሷን ትቆጥራለች። የሱልጣና ሠርግ ተሰረዘ፣ አዳራሹ ተሰንጥቋል። ከፊት ያለው የደብተሬ ገጽ በሙሉ ስርዝ በስርዝ ሆነ።

ሥራ የለም። ቁጭ ብዬ የፊልሙን ቆረጣ።

ታኅሣሥ 18

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መሬቱ ነው። አባ ሙእሚን ደሞ ስለ አንድ የውሃ ጉድጓድ የሚናገሩት አለ፣ ቀዩ ኤላ ስለሚሉት። ውሃው ሞቀ፣ ሸተተ፣ ፍየሎች እምቢ አሉ ይላሉ። ድምጻቸው እዚያ ላይ ልዩ ነው። ለመቅመሻ ሁለት ደቂቃ ብቻ አውጥቼ ገጼ ላይ ለጠፍኩ። ለሂያም አልነገርኳትም፣ ፈተና ላይ ናት።

ታኅሣሥ 20

በአንድ ቀን ከሠርግ ቪዲዮዎቼ በሙሉ የበለጠ ሰው አየው!

ከጅቡቲ ጻፉልኝ። ከጂዳ። አክስቴ አለቀሰች። አንዱ "እንዲህ ዓይነት አባት ሳለን ልጆቻችን የውጭ ፊልም ያያሉ" ብሎ ጻፈ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አየች፣ መለሰችልኝ። "ሰውየው ይሄንን ብቻ ነው የተናገሩት?" አለች። ማሳጠር ነው፣ ሥራ ነው አልኳት። እናቴ በስኒ ለክቶ መሸጥ ታውቃለች፣ ፊልም አታውቅም።

ታኅሣሥ 27

ሂያም ደወለች። አለቀሰች። ምን እንዳለች በሥርዓት መጻፍ አልችልም። በኋላ።

ታኅሣሥ 28

እሺ።

የጀማሉዲን ሚስት ፋሪሃ፣ ልጆቿንና ከብቶቿን ይዛ ወደ ቀዩ ኤላ እየወረደች ነበር። መንገድ ላይ የወንድሟ ልጅ በስልኩ የኔን ቪዲዮ አሳያት። አባ ሙእሚን ናቸው፣ በራሳቸው አፍ፣ ኤላው ተበላሽቷል ይላሉ። አባ ሙእሚን ካሉ አሉ ነው። ተመለሰች። ወደ መልካ ወረር፣ ወደ መስኖው ዞረች። በእግር ሁለት ቀን ይጨምራል። ፍየሎች አለቁባት። ግመሏ ጥም ይዟት ወደ ውሃው ስትሮጥ ቦይ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። አረዷት። ልጆቹ ይጠጡ የነበረው የሷን ወተት ነው።

ቀዩ ኤላ ደሞ ደህና ነው። ውሃው ደህና ነው። ያኔ የሞቀው ለጥቂት ቀን ነበር።

ጀማሉዲን አባ ሙእሚንን በሽማግሌዎች ጉባኤ ከሰሳቸው። ዳጉውን የተቀበለው እሱ ራሱ ሳለ ለምን ይከሳል ብዬ ጮህኩ። ሂያም መለሰችልኝ፣ እሱ ያኔ የሰማውን ያውቃል፣ ይሄኛው ግን ከአንድ ወር በኋላ የመጣ አዲስ ቃል ነው፣ አያቴ እንደገና የተናገሩት መስሎታል አለች። ለማንኛውም፣ ጠየቋቸው። ቃሉ ከአፍህ ወጣ ወይ? ወጣ አሉ። ያየኸው ነው? አላየሁም አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ስለኔ አንድም ቃል።

ለምን ብዬ ጠየቅኳት። "ሰጥቻታለሁ፣ ለማን እንደምሰጥ ማወቅ የኔ ፈንታ ነበር" ማለታቸውን ነገረችኝ።

እውነቱን ልጻፍ። ስሜ አለመነሳቱን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ስሜ ባለመነሳቱ!

ታኅሣሥ 30

ቪዲዮውን ከገጼ ላይ አጠፋሁት። ስለዚህ አልቋል። መሬት እየተንቀጠቀጠ ሰው ከኤላ መራቁ ምኑ ጥፋት ነው? የወንድሟ ልጅስ መቼ የተቀረጸ ነው ብሎ አይጠይቅም? አቤሴሎምስ፣ አጭር አድርጊ ያለው እሱ አይደል? ሂያምስ፣ አጭር አድርጊ አላለችም?

ለእናቴ ይሄን ሁሉ ደረደርኩላት። ስኳር እየሰፈረች ሰማችኝ። "አሪፋ፣ ብዙ ሰው ከሰስሽ" አለች።

ጥር 4

ዛሬ አየኋቸው።

ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ጥላ ሥር ቁጢጥ ብለዋል። ብዙ አፋር ያልፋል እዚያ፣ ከሰመራ የመጣ፣ ወደ መተሃራ የሚሄድ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ጁስ ቤቱ ውስጥ ተደብቄ ነበር። አዎ፣ ተደብቄ። አንዱ መጣ፣ እጃቸውን ሳመ፣ አለፈ። ሁለተኛው መጣ፣ ሳመ፣ አለፈ። ሦስተኛው ሽማግሌ ነው፣ እኩያቸው ይሆናል። ሳማቸው፣ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ አለ፣ ቁጭ ሊል መሰለኝ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄደ። አባ ሙእሚን ዱላቸውን አስተካከሉ። ሌላ የሚመጣ ሰው እንዳለ መንገዱን ማየት ቀጠሉ።

አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ። አንድም አልጠየቃቸው።

ጥር 5

ላፕቶፑን ከፍቼ ያልተቆረጠውን አየሁ፣ ከዚያ የቆረጥኩትን። እናቴ መስጊድ ናት፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እዚህ ደብተር ላይ የሚያይብኝ የለም፣ ስለዚህ ልጻፈው።

የቆረጥኩት አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። እዚያ ውስጥ እንዲህ ይላሉ፦ "ይሄን ያየሁት እኔ አይደለሁም። የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው። እሱም ከአንዲት ሴት ሰማ። ሴትየዋን አላውቃትም። ከሰማሁ ሦስት ቀን ነው። ውሃ ይመለሳል፤ የሚሄድ ሰው ሄዶ ይይ።"

ውሃ ይመለሳል ብለዋል። የሚሄድ ሰው ሄዶ ይይ ብለዋል።

ስቆርጠው ምን እያሰብኩ ነበር? "ይሄ ያሰለቻል" እያልኩ። የምስክሩን ዘር ማንዘር ማን ያዳምጣል እያልኩ። ሂያም ስትተረጉምልኝ "ይሄን አታውጪው፣ ዋናው እሱ ነው" ብላኝ ነበር፣ ከላይ አልጻፍኩትም። አቤሴሎምም ያን ቀን መስመሩ አልተቆራረጠም። በደንብ ሰማሁት። ሦስት ደቂቃው ለማስታወቂያ ነው፣ ዋናው ካለቀ በኋላ፣ ደሞ ለሽማግሌው ሳታሳዪ ምንም እንዳታወጪ ነው ያለኝ።

የሰው ስም ቆርጠው ሲያወጡ እኔን እንዴት እንዳናደደኝ አስታውሳለሁ። ያቺ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሁሉም ስም ነበረች። የእህት ልጅ፣ ሴትየዋ። ሁሉንም ቆርጬ አውጥቼ አባ ሙእሚንን ብቻቸውን ተውኳቸው።

ጥር 10

ሄድኩ።

ሂያም ከሰመራ መጣችልኝ። ማብሎ ይሉታል፣ የሽማግሌዎቹን ጉባኤ። ያው ግራር ሥር። ሴት ናት፣ ደሞ አፋር አይደለችም ብለው ይመልሱኛል ብዬ የመከራከሪያ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ጥሩ ንግግር። ማንም አልመለሰኝም። ንግግሬ አፌ ላይ ቀረ።

ቆሜ ልጀምር ስል አንዱ በዱላው መሬቱን አመለከተኝ። ተረከዜ ላይ ቁጢጥ አልኩ። ሠርግ ላይ ስቀርጽ ቀን ሙሉ ቁጢጥ እላለሁ፣ ያን ያህል ግን ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። ሂያም ትተረጉማለች።

ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ጀመርኩ። አይደለም አሉኝ። ከየት ተነሳሽ ነው የጠየቅነው። ካሜራዬን ይዤ ከቤቴ። ከዚያስ? ከዚያ ምን አየሽ? እንዲህ እያሉ ከኅዳር አሥራ አራት ጀምሮ አስኬዱኝ። "ይቅርታ" ለማለት ስቸኩል ይመልሱኛል። ጀማሉዲን ፊት ለፊቴ ነው፣ በየመሀሉ "እም" ይላል። ጠላቴ ነው ያልኩት ሰው "እም" ሲልልኝ ማልቀስ አማረኝ።

አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ደረስኩ። ላልፈው እችል ነበር። ከነገሩ ጋር አይገናኝም። ማንም አያውቀውም።

"ባትሪዬ ሞተ። አልነገርኳቸውም። የምቀርጽ መስዬ ቆምኩ" አልኩ።

ሂያም ዞራ አየችኝ። ተረጎመች። ከዚያ አባ ሙእሚን ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፣ ሳቃቸው ግን ሙሉ ነው። በአማርኛ መለሱልኝ፦

"የካሜራሽ ቀይ መብራት ስትጠፋ አይቼ ነበር። መቼ እንደምትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር።"

ከኅዳር ጀምሮ! ከኅዳር ጀምሮ ውሸቴን ይዘው ተቀምጠው፣ በጉባኤ ሲጠየቁ እንኳ አላወጡትም።

ቆርጬ ያወጣሁትን እንዳለ አሰማኋቸው፣ በድምጻቸው። ጀማሉዲን ራሱን ይዞ አዳመጠ። ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ቆዩና እንዲህ ወሰኑ፦ ቃሉ የደረሰበት ድረስ ሄጄ ሙሉውን ተናግሬ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ ፋሪሃ ጋ። እንዴት ሆኖ አልኩ፣ ቪዲዮው ጂዳ ደርሷል፣ ጅቡቲ ደርሷል፣ የስንቱ ስልክ ውስጥ እገባለሁ? አንደኛው ሽማግሌ ገረመው። ስልኩን የያዘው ሰው አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሌሊት ድረስ ለጻፉልኝ ሁሉ መለስኩ። ለያንዳንዱ። ለአክስቴም።

ጥር 17፣ መልካ ወረር

ፋሪሃ ከሠራተኞቹ ሰፈር ጀርባ፣ ከጥጥ እርሻው ወዲህ ሰፍራለች። እድሜዋ ከኔ ያንሳል። ይዤ የሄድኩትን ስኳርና ዱቄት ተቀበለች፣ አላመሰገነችም። ልክ ናት። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፣ አሁን እየለመድኩት ነው። "እም" አላለችልኝም። ሆኖም አላቋረጠችኝም።

ስጨርስ ካሜራዬን በአገጯ አመለከተች። ያቺ ግመሌን ታሳያለች ወይ ብላ በሂያም በኩል ጠየቀችኝ። አታሳይም፣ አላየኋትም አልኩ።

"እንግዲያው እኔን ቅረጪ" አለች።

ቀረጽኳት። የግመሏን የእንጨት ቃጭል እጇ ላይ ይዛ፣ ከተነሳችበት ቀን ጀምራ። ቪዲዮውን ያየችበትን ድንጋይ፣ ስትመለስ በልቧ ያለችውን፣ ትንሿ ልጇ ምን እንዳለች። በየነገሩ፦ ይሄን በዐይኔ አየሁ። አንዴ ብቻ፣ ኤላው ደህና መሆኑን ስትናገር፣ ይሄን ሰማሁ አለች፣ የነገራትን ሰው ስም ጠራች። ሃያ ስድስት ደቂቃ። ሦስት ባትሪ ይዤ ነበር። ምስሉ አንድ ቦታ ላይ ይወዛወዛል። አላወጣውም።

ይቅር አላለችኝም። አልጠየቅኳትም።

የካቲት 7፣ ሰመራ

ነገ ነው። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ሆነ። የትዕይንቱን ቀን ካዘጋጁት አንዱ ሩብ ሰዓት አድርጊው አለኝ። እምቢ አልኩ። ልጆቹ ይወጡብሻል አለ። ይውጡ። አቤሴሎም ከጎኔ ቆሞ ተከራከረልኝ፣ ሲከራከር ደሞ እንደኔ ይለፈልፋል፣ አላውቅም ነበር። ከዚህ በፊት ስለሱ የጻፍኩትን ሰርዣለሁ። አይ፣ አልሰረዝኩም። መሰረዝ ትቻለሁ። ተሳስቼ ነበር ብዬ እዚህ ጻፍኩ።

አባ ሙእሚን ከኔና ከሂያም ጋር በሚኒባስ መጡ። ሙሉ መንገድ በመስኮት ሲያዩ ነበር፣ ሣሩን፣ የአሸዋውን መልክ፣ የቆሙትን ከባድ መኪናዎች። እየሰበሰቡ ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው እንኳ እየሰበሰቡ ነው።

የካቲት 8

አዳራሹ ሙቀት ነው፣ ማራገቢያው ይጮሃል። ስሞቹን መጨረሻ ላይ አላደረግኳቸውም። መጀመሪያ ላይ ነው፣ እንደ ዳጉ፦ ይሄን የተናገሩት ፋሪሃና አባ ሙእሚን፣ የኤላውን ወሬ የነገራቸው የእህታቸው ልጅ፣ ለሱ የነገረችው ስሟን የማናውቃት ሴት፣ የተረጎመችው ሂያም፣ የቀረጸችው አሪፋ። የሚኒባሱን ሹፌር ስምም አስገባሁ። ስሙ የቀረ ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

የፋሪሃን አስቀደምኩ፣ ከዚያ የአባ ሙእሚን። ጥቂት ልጆች ወጡ። ብዙዎቹ አልወጡም። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ሲተኛ አየሁ፣ ይተኛ።

የሳቸው አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጨለመ። እንደነበረ ነው የተውኩት። ልጆቹ መብራት ሄደ ብለው ያጉተመትሙ ጀመር። ተነሳሁና ወደ ፊት ሄድኩ።

"መብራት አይደለም። ባትሪዬ ነው የሞተው። ከዚህ ወዲያ ያለውን ካሜራው አላየም፣ እኔ ግን ነበርኩ" አልኩ። ተረከዜ ላይ ቁጢጥ ብዬ የቀሩትን ሃያ ደቂቃዎች ነገርኳቸው። ያስታወስኩትን አስታወስኩ፣ የረሳሁትን ረሳሁ አልኩ። አንድ ቦታ ላይ የጀማሉዲን ወንድም ታሞ ነበር ስል፣ ተኝቶ የነበረው ጎረምሳ ድምጹን ከፍ አድርጎ ጠየቀኝ፦ "ራስሽ አይተሽው ነው?"

ሰማሁ አልኩ። ከማን እንደሰማሁ ነገርኩት።

"እም" አለ። ጓደኞቹ ሳቁበት። ቀጥሎ አንዲት ልጅም "እም" አለች።

የካቲት 10፣ አዋሽ

ስንመለስ ሚኒባሱ ከቆመበት ጥላ ሥር ጀማሉዲን ቆሟል። አባ ሙእሚን ወረዱ፣ ጉልበታቸው ተይዞ ነበር፣ ሂያም ደገፈቻቸው። ጀማሉዲን እጃቸውን ሳመ።

ቁጢጥ አለ።

ጠየቃቸው። እሳቸው ዱላቸውን አስተካክለው ከአዋሽ ከተነሱበት ጠዋት ጀመሩ። ሂያም ጎናቸው ተቀምጣለች። ለኔ እየተረጎመች፣ በየመሀሉ ደሞ ሳታውቀው በጉሮሮዋ "እም" ትላለች። ሣሩን ተናገሩ፣ አሸዋውን፣ የመኪናዎቹን ቁጥር። ከዚያ ሰመራ ደረሱ። ሂያም ዝቅ ባለ ድምጽ ተረጎመችልኝ፦

"አንዲት የአዋሽ ሴት በብዙ ልጆች ፊት ቁጢጥ አለች። መብራቷ ጠፍቶ እንደነበር ተናገረች። የረሳችውን ረሳሁ አለች። ስሟ አሪፋ ነው። ይሄን አልሰማሁም፣ በዐይኔ አየሁ።"